ቀስ በሉ፣ በአዲስ ጥራት

እንቅልፍማ ድሮ ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥብ ያደረ ሰው ጠዋት ገብቶ እንደ ድንጋይ ይተኛል ብለው የሚያስቡ አሉ፣ ይምጡና ይዩኝ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ብርሃኑ በጎን በኩል እየሾለከ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጡረተኛ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣራ ጣራውን አያለሁ። ስልኬን አነሳለሁ፣ የእህቴን መልእክት አነባለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ ተመልሼ አነሳዋለሁ። «ጋሽዬ፣ አልበማችሁ በአዲስ ጥራት ወጣልህ! እንኳን ደስ አለህ። እስከ መጨረሻው ስማው፣ እሺ?» ነው የሚለው። እስከ መጨረሻው። ለምን እስከ መጨረሻው? እህቴን አውቃታለሁ፣ ያንን አልበም ስትጠላው ነው የኖረችው። እኛ ስንለማመድ እሷ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ ለፈተና ታጠና ነበር፣ «ብወድቅ በእናንተ ነው!» እያለች። ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘና ነው ስማው ስማው የምትለኝ? ደግሞ ያቺ «እሺ?» ምንድን ናት? ሰው እሺ የሚባለው መርፌ ሊወጋ ሲል ነው። አንድ ነገር አለ። አንድ ነገርማ አለ።

አልበሙ የተቀዳው ጓዳችን ውስጥ ነው። ስቱዲዮ የሚባል ነገር በዓይናችን አይተን አናውቅም፤ ፍራሹን ከአልጋ አንስተን ግድግዳ ላይ አቆምነው፣ ብርድ ልብስ በሚስማር ወጠርን፣ አንዲት ማይክሮፎን መሀል ላይ ከጣራ አንጠለጠልን፣ አለቀ። ድምፅ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም እግራችን ነበር፤ ዘፋኙ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ማይክሮፎኗ ጠጋ ይላል፣ ጊታር መቺያችን ሽቦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ እኔ ከበሮዬ ስለሚጮህ ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ተገፍቼ ተገፍቼ ጀርባዬ ሲሚንቶውን ነክቶ ነው የምመታው። ሽቦ ያልነው ከመቅጠኑ የተነሳ ነው፣ አሁን ወፍሯል አሉ። የአገር ቤት ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር። ጋዜጠኞቹ አሁን ፎክ ሮክ ይሉታል፣ ያኔ እማ «ጩኸት» ነበር የምትለው። እሷ ከግድግዳው ማዶ ወጥ ቤት ናት። ሲበዛባት በማማሰያው እጀታ ግድግዳውን ትመታዋለች። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ፣ ኳኳ። ከዚያ ዝም። ተወችን ብለን ስንቀጥል፣ በቃ ረስታዋለች ስንል፣ ሦስተኛዋ ትመጣለች፣ ኳ! ያቺ ሦስተኛ መቼ እንደምትመጣ ማንም አያውቅም። ሽቦ በጊታሩ ሊያስመስላት ሞክሮ አልቻለም፣ እህቴ በማንኪያ ሞክራ አልቻለችም፣ ከበሮ መቺ ነኝ ባዩ እኔም አልቻልኩም፤ ወይ ትፈጥናለህ ወይ ትዘገያለህ። ከሦስተኛዋ ቀጥሎ ድምፅዋ ይመጣል፣ «ኧረ ቀስ በሉ! ሰው ተኝቷል!» በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይተኛ። ለአልበሙ ስም ስናጣለት «ቀስ በሉ እንበለው» ያለው ሽቦ ነው። እማ የካሴቱን ሽፋን አይታ፣ «ብላችሁ ብላችሁ በኔ ቃል ልትነግዱ?» አለችና እስኪያስላት ሳቀች።

አሁን ግን ድምፅዋን ከሰማሁ ቆየሁ። ብርዱ ሳይገባ ነው። ያን ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ደወለችልኝ፣ ማድረቂያው ከኋላዬ ይጮሃል፣ «ምንድን ነው የሚያጓራው?» ትለኛለች፣ «ማሽን ነው እማ፣ ቆይ ልደውልልሽ» እላታለሁ፣ ምክንያቱም ተቆጣጣሪዋ ሴትዮ በመስታወቱ በኩል እያየችኝ ነው። አልደወልኩም። ደክሞኝ ገብቼ ተጋደምኩ። በማግስቱ ስደውል እህቴ አነሳችው፣ ከዚያ ወዲህ እህቴ ናት የምታነሳው። «እማዬ ሸለብ አድርጓታል።» «እማዬ ጎረቤት ሄዳለች።» «ጉሮሮዋን ይዟታል፣ አትናገሪ ተብላለች።» እማ ጎረቤት አትሄድም፣ ጎረቤት ነው እሷ ጋ የሚመጣው! ጉሮሮዋን ቢይዛትም ዝም አትልም፣ እማ ዝም የምትለው… ተወው። አላስበውም። አሰብኩት።

ሞኝ መስያቸዋለሁ። የኛ ሰው እንዴት እንደሚደብቅ አላውቅምና! እኔ ራሴ ስንቱን ደብቄያለሁ። ውጭ ያለ ሰው አባቱ ሲሞት «ትንሽ አሞታል» ይባላል፣ ሲሰነብት «ጠናበት» ይባላል፣ ተቀብሮ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት በሩ ይንኳኳል፣ ሲከፍተው ደህና ልብስ የለበሱ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ለዚህ ነው በር ሲንኳኳ የማልከፍተው። ለዚህ ነው ሽቦ ባለፈው ሲደውል ያላነሳሁት፣ ስንት ዘመን ድምፁን ያጠፋ ሰው ተነስቶ ለምን ይደውላል? እህቴንም እፈትናታለሁ። «ምን አለችኝ?» እላታለሁ። «ልጄ ሰላም ነው ወይ አለችህ» ትለኛለች። እማ እኔን ልጄ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ ስወለድ ሰፈሩን በለቅሶ ስለቀሰቀስኩት «ጩኸቴ» ነው የምትለኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። በሚቀጥለው ስደውል እህቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጩኸቴ እንዴት ነው አለችህ።» ነቅታብኛለች! ፎቶ ላኪልኝ አልኳት፣ ላከች፣ ከጀርባ። እማ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ እኔ የላክሁላትን ሻል ደርባ፣ ወደ ግራ ትንሽ ዘመም ብላ። በሁለት ጣት እየለጠጥኩ አሰፋሁት፣ እስኪደበዝዝ አሰፋሁት፣ ፊቷ የለም፣ እጇ የለም። አሮጌ ፎቶ እንደሆነስ? ለምን ከጀርባ?

አልበሙን ልስማው ብዬ መተግበሪያውን ከፈትኩ፤ ስምህን አስገባ አለኝ፣ አስገባሁ፣ ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ ብሎ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች አስመረጠኝ፣ መረጥኩ፣ ሽፋኑ መጣ፣ እኛ ሦስታችን በጎፈሬ ጓዳው በር ላይ ተደርድረን፣ ስነካው ምን ይለኛል? «ይህ አልበም እርስዎ ባሉበት አካባቢ አይገኝም።» እኔ ባለሁበት! የመታሁት እኔ፣ የማይገኘው እኔ ባለሁበት! ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ፣ «ከበሮ መቺው እኔ ነኝ» ብዬ፣ ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን አሉኝ፣ ማን ታጋሽ ነው አላቸው? ያኔ ነው ነገሩ በሌላ በኩል የታየኝ። ሽቦ ነው ይሄን ያሠራው፣ ሽፋኑ ስር ስሙ አለ። ማስተር ቴፑን፣ ዋናውን ቅጂ አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ ድሮ ካሴት ላይ የማይሰማው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ እንደገና አሳተመው። ሲያጸዳ እኔንም አጽድቶኝ ቢሆንስ? የኔን ከበሮ አውጥቶ የኮምፒውተር ከበሮ ከቶበት ቢሆንስ? እኔማ ካሴቱ በወጣ በዓመቱ ጥዬአቸው የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ማን ይጠይቀዋል? የሚገርመው ይሄን ሳስብ ትንሽ ቀለለኝ። ከበሮዬን ሰርቀውኝ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። የሚደብቁኝ ነገር እሱ ብቻ ቢሆን ብዬ።

ከዚያ ደግሞ ጋሼ ሹፌሩ። አንሶላውን በመኪና የሚያመላልሱት የአገሬ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ፣ ምላሳቸው አይጣል። «አንተ ዳተኛ፣ ተነስ ጫን!» ነው ሰላምታቸው። ትናንት ጋሪውን እየገፉ መጡና «እንዴት ዋልክ ልጄ» አሉኝ። ልጄ! የያዝኩት አንሶላ ከእጄ ወደቀ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው። «ምን እሆናለሁ? እሁድ ጠዋት ቤት ብቅ በል ልልህ ነው። ሁለት ሦስት ጓደኞችም ይኖራሉ።» ጠዋት። ሰው ተሰብስቦ። በሩ ተዘግቶ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ትከሻዬን ይዞ። «እሁድ ሥራ አለኝ» አልኳቸው፣ እንደሌለኝ ያውቃሉ፣ የሥራ ተራው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አብረን ነው የምናየው። ትንሽ አዩኝና ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ፣ «በል ይሄን እንካ፣ አልበማችሁ ነው፣ በከፍተኛ ጥራት። እህትህ ናት የላከችልኝ። ይሄ ማዳመጫም የልጄ ነው፣ ደህና ነገር ነው፣ እንዳትሰብረው።» እህቴ እሳቸውን ከየት አወቀቻቸው? አዎ፣ እኔ ነኝ ቁጥራቸውን የሰጠኋት፣ አንድ ነገር ብሆን ደውይላቸው ብዬ። «እኔ» አንድ ነገር ብሆን! መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሞተሩን ካስነሱ በኋላ መስታወቱን ዝቅ አድርገው፣ «ስትሰማው ብቻህን አትሁን» አሉኝ። ዘፈን ነው የምሰማው ወይስ ቀዶ ጥገና ነው የምገባው?

ብቻዬን ነኝ። ማን አለና ከማን ጋር ልሁን? ፍላሹን አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሰካሁ፣ ማዳመጫውን አጠለቅሁ፣ አጫውት የሚለውን ነካሁ። ከዚያ ጓዳው ተከፈተ። ሌላ ምን እላለሁ? ካሴቱ ላይ ሁልጊዜ ፊታችን ላይ ሻሽ የተጣለብን ይመስል ነበር፣ ሻሹን አነሱት። የሽቦ ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል፣ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ምራቁን ሲውጥ ይሰማኛል፣ የኔ በርጩማ ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ አንድ እግሯ አጭር ነበረች፣ ካርቶን አጥፌ ነበር ከስሯ የማስገባው። ከበሮዬ አለ። የኔው ነው፣ በቀኝ በኩል ቆዳው ላላ ያለው፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቸኩዬ የቀደምኩባት ቦታ ሳትቀር አለች፣ ማረም ሲችሉ አላረሟትም። ሽቦን በከንቱ አማሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን አላለኝም፣ ምክንያቱም ከበሮዬን ካልወሰዱ የሚደብቁኝ ነገር አንዱ ብቻ ነው የቀረው።

የመጨረሻው ዘፈን ካሴቱ ላይ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ነው የሚጠፋው። እዚህ አልጠፋም። ጊታሩ ቆመ፣ ማሲንቆው ቆመ፣ እኔ የመጨረሻዋን መታሁ፣ ድምፅዋ ፍራሹ ውስጥ ሲሰምጥ ጠበቅን፣ አሁን እያስታወስኩ ነው ወይስ እየሰማሁ ነው? ከጀርባዬ፣ ልክ ከጀርባዬ፣ ዞር አልኩ፣ የተሰቀለው ጃኬቴ ነው ያለው። ኳኳ። ከዚያ ዝም። የአንዳችን ሳቅ ታፍኖ። ከዚያ፣ ኳ! «ኧረ ቀስ በሉ! ሰው ተኝቷል እኮ! አንተ ጩኸቴ፣ አንተን እኮ ነው!» ድምፅዋ ወጣት ነው። የኔን የዛሬ ዕድሜ እንኳ አልሞላትም ያኔ። ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ክዳን ይወድቃል፣ እሷ «እሰይ!» ትላለች ለራሷ፣ እኛ በሳቅ እንፈነዳለን፣ ሽቦ «ይሄማ ይቆረጣል» ይላል፣ አለቀ።

እማ ሞታለች። እንግዲህ ይሄው ነው። ለዚህ ነው እስከ መጨረሻው ስማው ያለችኝ፣ ለዚህ ነው ብቻህን አትሁን ያሉኝ። መታሰቢያ ነው ያቆሙላት። አለቀስኩ። አፌን ትራስ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ትራሱን ወረወርኩትና የማዳመጫውን ገመድ ነቀልኩ፣ የላፕቶፑን ድምፅ እስከ ጫፉ ከፈትኩ፣ የመጨረሻው ዘፈን እየደጋገመ እንዲመጣ አደረግሁ፣ ትምጣ፣ ትቆጣኝ! ጡረተኛው ግድግዳውን በቡጢ ደበደበው፣ እኔም በቋንቋዬ ጮህኩበት፣ «እናቴ ሞታብኝ ነው!» ብዬ፣ ምን ይገባዋል። ትንሽ ቆይቶ በሩን በንዴት ዘግቶ ሲወጣ፣ ደረጃውን እያጉረመረመ ሲወርድ ሰማሁት። ዘፈኑን ሳላጠፋ ለእህቴ ደወልኩ።

«ጋሽዬ! ሰማኸው?»

«መቼ ነው የሞተችው?»

መልስ እስክትሰጠኝ አልጠበቅሁም። «መቼ ነው የቀበራችኋት? ከብርዱ በፊት ነው አይደል? ይሄን ሁሉ ጊዜ ‹ሸለብ አድርጓታል› ስትይኝ…»

«አልሞተችም! ኧረ በማርያም፣ አልሞተችም!» አለች፣ እያለቀሰች። «ድምፅዋ ነው የሄደው። ያን ዕለት ማታ፣ ሥራ ላይ ሆነህ ያናገረችህ ዕለት፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ። መናገር አልቻለችም፣ ቀኝ እጇም አልታዘዛት አለ። ልነግርህ ስልኩን ሳነሳ በግራ እጇ አፌን ያዘችኝ። ድምፄ ሲመለስ ራሴ አናግረዋለሁ ማለቷ ነው። እኔስ ምን ላድርግ? እያለቀሰች እንዴት እምቢ ልበላት?»

«አልበሙስ?»

«ሽቦ ሊጠይቃት መጣ። አጠገቧ ተቀምጦ ቆየ፣ ቆየና ‹ድምፅዋ አንድ ቦታ አለ፣ እኔ ራሴ ነኝ የቆረጥኩት› ብሎ ተነሳ። ያን ቴፕ ፍለጋ ያልገባበት የለም። አልበሙን ያሳተመው ለድምፅዋ ብሎ ነው። አንተንም ደውዬ ልንገረው ብሎ ነበር፣ አላነሳህለትም። እኛም አንተ ድምፅዋን ሰምተህ ደስ ካለህ በኋላ ቀስ ብለን…»

ቀስ ብለን። አያችሁ? እንደዚህ ነው የሚደረገው። መጀመሪያ ታማለች፣ ቀጥሎ ጠናባት። እህቴ የምትለው ሁሉ ልክ ነው፣ ሁሉም ይገጥማል፣ ፎቶው ላይ መዝመሟም ይገጥማል፣ የሚያስፈራኝም መግጠሙ ነው። መርዶ ሲዘጋጅ ሁሉም ነገር ይገጥማል።

«ስልኩን ለእሷ ስጪ።»

«ጋሽዬ፣ አትናገርም እኮ እያልኩህ ነው።»

«ጆሮ አላት አይደል? ስጪያት።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። በር ተከፈተ፣ ወይም የተከፈተ መሰለኝ። ከዚያ ምንም። «እማ?» አልኩ። ምንም። ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጣው ወጥታ ቢሆንስ? ባዶ አልጋ ላይ? «እማ፣ እኔ ነኝ፣ ጩኸቴ። ሳልደውልልሽ ቀረሁ። ደክሞኝ ነበር፣ ሳልደውልልሽ ቀረሁ።» የሚተነፍስ ሰው ያለ ይመስለኛል፣ የራሴ ትንፋሽ ነው መሰለኝ። ላፕቶፑ እዚህ ይጮሃል፣ ዘፈኑ ገና ግማሹ ነው፣ ዘፋኙ ማሲንቆውን ይዞ ጣራ ነክቷል፣ እኔ ደግሞ ከኋላ እንደ እብድ እደበድባለሁ።

ኳኳ።

«እሺ! ሰማሁ!» ብዬ ወደ ግድግዳው ጮህኩ። ቀጥሎ ነው ጡረተኛው እንደወጣ ትዝ ያለኝ። በሩን ሲዘጋ ሰምቼዋለሁ። ዘፈኑም ግማሹ ላይ ነው፣ እማ የምትመጣው ሲያልቅ ነው። ደግሞ ይሄ ግድግዳ አይደለም፣ ብረት ነው፣ የአልጋ ብረት በማንኪያ ሲመታ፣ ደከም ያለ፣ ያልለመደ እጅ። እህቴ ትሆናለች። ልታታልለኝ ማንኪያ ይዛ ቆማ ይሆናል። እሷ ከሆነች ሦስተኛዋን ታበላሻታለች፣ ትቸኩላለች፣ ሁልጊዜ ትቸኩል ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ጠበቅሁ። አልመጣችም። ጠበቅሁ። ማሲንቆው ዞሮ መጣ፣ ሽቦ ገባበት፣ አልመጣችም፣ በቃ ረስታዋለች አልኩ፣ በቃ ማንም የለም አልኩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ኳ!

ልክ እዚያ። ማንም ሰው አስመስሏት በማያውቅበት ቦታ። ከኋላ እህቴ «እማዬ፣ ቀስ፣ እጅሽን!» ስትል ይሰማኛል፣ ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች፣ አልለየኝም፣ እኔም የራሴን አልለየሁትም።

«እሺ እማ» አልኩ። «እሺ፣ ይኸው ቀነስኩት።»